«ጨጓራ ነው» ብለን የደበቅነው ልብ

ለዛሬ አዘጋጅቼ የነበረው የኮንዶሚኒየም ጎረቤታሞች በአንድ ደረጃ ጽዳት ስለተጣሉበት ጉዳይ ነበር። ጽፌም ጨርሼዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ግን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝና የጻፍኩትን ወደ ጎን አደረግኩት። የጎረቤት ጠብ ሳምንት ይጠብቃል፤ የዚህች ልጅ ጉዳይ ግን አይጠብቅም። ደብዳቤዋ ላይ ስልክም አድራሻም ስላላሰፈረች መልሱን ላደርስላት የምችለው በዚህችው ዓምድ ብቻ ነው።

ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤዋ ሰባት ገጽ ስለሆነ አሳጥሬ ነው የማቀርብላችሁ። እንዲህ ትላለች፦

«አባዬ 61 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ከአምስት ወር በፊት አንድ ሌሊት ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነኝ ያህል ከበደኝ ብሎ ነቃ። በላብ ተጠምቋል። ግራ እጁን ያሻሻል። ድሮም ጨጓራ ስላለበት እማዬ ተልባ አዘጋጅታ ሰጠችው። ትንሽ ተሻለኝ አለ። እስኪነጋ ጠበቅን። ጠዋት ላይ ደረጃ መውረድ ስላቃተው ተሸክመን ወሰድነው። እዚያው ተኛ።

«ሐኪሙ እኔንና አጎታችንን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ልቡን የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቶ ነበር፣ ዘግይታችኋል፣ የልቡ ጡንቻ ከፊሉ ተጎድቷል፣ የቀረው ደክሟል፣ ግን መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰደ ገና ይኖራል አለን። አጎታችን እዚያው ቆመን ‹ለሱ እንዳትነግሩት! የልብ በሽተኛን ማስደንገጥ መግደል ነው› አሉ። ሁላችንም ተስማማን። ጨጓራህ ቆስሎ ነው አልነው።

«ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። የመኪናውን ቁልፍ ደበቅንበት። ታናሽ ወንድሜ ከሥራ መውጣቱን አልነገርነውም። ዱባይ ያለችው እኅቴም ስለ አባዬ አታውቅም። እማዬ እንዳልጎዳው ብላ አልጋ ለይታ እኛ ክፍል መጥታለች። እኔ የማታ ትምህርቴን አቋርጬ እሱ ክፍል መሬት ላይ አንጥፌ ነው የምተኛው። እሱ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ይቀመጣል።

«ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን መድኃኒት አልወስድም አለ። ‹ሆዴን ካመመኝ ሦስት ወር አለፈኝ። ጨጓራዬ ድኗል፤ ይኼ ሁሉ ኪኒን ምን ያደርግልኛል?› ይላል። ዐቢይ ጾምንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ ከዚያ ጠበል እገባለሁ ብሏል። እግሩ ማበጥ ጀምሯል። ብነግረው ደንግጦ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ባልነግረው ደግሞ... ምን ላድርግ?»

ደብዳቤው እዚህ ላይ ያበቃል።

እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ። የእግራቸው ማበጥ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ውኃ በሰውነት ውስጥ መጠራቀም መጀመሩን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቂ። ይህንን ጋዜጣ አንብበሽ እንደጨረስሽ አባትሽን ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ውሰጂያቸው። የልብ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ አደጋ አለው። ያቋረጡትን ደግሞ ራሳችሁ መጠን ገምታችሁ አታስጀምሯቸው፤ ሐኪሙ ይወስን።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ መልሴ አጭር ነው፤ ንገሯቸው።

አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ይህ የተባለው በሽታውን ከሐኪም ለሚሸሽግ ሕመምተኛ ነበር። እኛ ደግሞ ብሰን በሽታውን ከበሽተኛው ከራሱ እንሸሽጋለን! ታዲያ አባትሽ ምን አጠፉ? ጨጓራ ነው ተባሉ፤ ሆዳቸው ዳነ፤ መድኃኒት አቆሙ። በሰጣችኋቸው ወሬ መሠረት ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረጉት። ስህተቱ የኪኒኑ ሳይሆን የወሬው ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በእኛም ቤት ይኸው ድራማ ተሠርቷል። የታመመችው እናቴ ነበረች። እሷም ልቧ ነበር የደከመው። እኛ ልጆቿ ተመካክረን «ደም ግፊትሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው» አልናት። አራት ወር ሙሉ ዋሸናት። እሷም ዝም አለች። አንድ ቀን ከጎረቤት ተውሳው የቆየችውን ትልቅ ድስት አሳጥባ መለሰች። በሌላ ቀን የእድሯን የዓመት መዋጮ አስቀድማ ከፈለች። ነጭ ቀሚሷን ከሳጥን አውጥታ አሳጠበች። እኛ ሞኞቹ «ተመስገን! እማዬ ተሽሏታል፣ ቤቷን ማሰናዳት ጀመረች» እየተባባልን ደስ አለን። ለካ ለመሞት እየተሰናዳች ኖሯል!

ያወቅሁት በአጋጣሚ ነው። የጎረቤት ተማሪ ልጅ በር ላይ አገኘኝና «እትዬ የሐኪም ቤቱን ወረቀት እንዳነብላቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ ‹ሐርት ፌለር› ምን ማለት ነው?» አለኝ። ክው ብዬ ቀረሁ። ገብቼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። እንደፈራሁት አልጮኸችም፣ ራሷንም አልሳተችም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እኔ'ኮ አውቃለሁ ልጄ። እናንተ እንዳትደነግጡብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ቀጥላ «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ትለኛለች ብዬ ሳማጥ «ቡና መጠጣት እችላለሁ?» አለች። ሳቅን። ከዚያ ተላቀስን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒቷን ራሷ ተረከበች። የጠዋቱን ኪኒን በአንድ ሲኒ፣ የማታውን በሌላ ሲኒ አድርጋ ኮመዲኖዋ ላይ ትደረድር ነበር፤ አንድም ቀን አልዘለለችም። ሐኪሟም አንድ ሁለት ሲኒ ቡና ፈቀደላት። ስድስት ዓመት ኖራ የሁለት ልጅ ልጆቿን ክርስትና አይታ ነው ያረፈችው። እነዚያ አራት ወራት ግን እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። እሷ ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ ፈራች፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ለብቻችን ፈራን። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፍርሃት!

ጨጓራን ከልብ ማምታታት የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዴንቨር ውስጥ ጎልፍ ሲጫወቱ ውለው ሆዳቸውን ከበዳቸው። ሌሊት ሕመሙ ባሰ። መጀመሪያ ላይ ለጋዜጠኞች የተነገረው «ምግብ አልፈጭ ብሏቸው ነው» የሚል ነበር። ነገሩ ግን የልብ ሕመም ነበር። ከቦስተን የተጠሩት ታዋቂው የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት ሁኔታውን ለሕዝቡ ሳይሸፋፍኑ አስረዱ። ሰውየው አገገሙ፤ በ1956 እንደገና ተመረጡ፤ እስከ 1961 አገር መርተው፣ እስከ 1969 ኖረዋል። አንድ ትልቅ አገር የመሪውን የልብ ሕመም ሰምቶ ከቻለ፣ አንድ ሹፌር የራሱን ልብ ወሬ መስማት ያቅተዋል? ስንት ቁልቁለት የወረዱ ሰው ናቸው እኮ!

አጎትሽ ክፉ አስበው አይደለም። ድንገተኛ ድንጋጤ የታመመ ልብን ሊጎዳ መቻሉም እውነት ነው። ለዚህ መፍትሔው ግን አነጋገሩን ማለስለስ እንጂ እውነቱን መቅበር አይደለም። ደግሞስ እስከ መቼ ይደበቃል? አንድ ቀን አንዱ ጠያቂ «ልብዎን እንዴት ነው?» ብሎ ቢገባስ? ያኔ ነው ድንጋጤ!

እንዴት ይነገራቸው? መቼም የእኛን አገር መርዶ ታውቂዋለሽ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ተሰብስቦ። እንደዚያ አታድርጉት። ቀን፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ፣ አንቺና እናትሽ ብቻ ሆናችሁ ተቀመጡ። ከተቻለ ደግሞ በሐኪሙ ፊት ይሁን፤ ሐኪሙም ኮሪደር ላይ ለዘመድ ሳይሆን ለባለቤቱ እንዲነግር አስቀድመሽ ለምኚው። ወሬውን ከመጀመርሽ በፊት «አባዬ፣ አንተ ሕመሜ ምንድነው ብለህ ታስባለህ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚመልሱልሽ ነገር ያስገርምሽ ይሆናል። ከዚያ እንዲህ ብትይ ይበቃል፦ «አባዬ፣ ጨጓራ ነው ያልንህ ፈርተን ነው። ሕመሙ ልብህ ላይ ነው። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሥርዓት ከወሰድክ ገና ትኖራለህ ብሏል። ስለዋሸንህ ይቅር በለን።» ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ! ያለቅሱም ይሆናል። ያልቅሱ! አንቺ ተነሥተሽ አትሂጂ። ዝርዝሩን የጠየቁሽን ያህል ብቻ ንገሪያቸው፤ ያልጠየቁሽን ለሌላ ቀን አቆይው።

አሁን ደግሞ ስለ ቤቱ እናውራ።

አንደኛ፣ ጨው። «ወጡ ላይ ጨው አልጨመርኩም» ማለት ብቻ አይበቃም። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚያው። የሾርባ ኪዩቡ፣ ቋንጣው፣ ዳቦው፣ አንዳንድ ቤት ቡናው ሳይቀር ጨው አለው። ጨው ውኃ ይይዛል፤ የተያዘው ውኃ የደከመውን ልብ ያስጨንቃል። ስለዚህ ለቤቱ ጨው ያልገባበት በርበሬና ሽሮ አስፈጩ። አደራ ግን፣ ለአባትሽ ብቻ ትንሽ ድስት ለይታችሁ፣ በትንሽ ሳህን ለብቻቸው እንዳታቀርቡ! የሁላችሁም ወጥ ጨው ይቀነስ፤ የጎደለው ከሳህኑ ዳር ይጨምር። ከማዕድ የተለየ ሰው ግማሽ ሞት ሞቷል።

ሁለተኛ፣ ሚዛን። በየጠዋቱ ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑና ደብተር ላይ ይጻፉ። ሹፌር የኪሎ ሜትር መዝገብ መያዝ ያውቃል፤ ይህም የእሳቸው ሥራ ይሁን። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመሩ፣ ጫማ ከጠበባቸው ወይም ትንፋሽ አጥሯቸው ትራስ መደራረብ ከጀመሩ ያ ስብ ሳይሆን ውኃ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ወገባቸውን ባመማቸው ጊዜም ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝታችሁ አትስጧቸው፤ የደከመ ልብን ያባብሳሉ።

ሦስተኛ፣ ጾምና ጠበል። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በግድ አታስጾምም። የንስሐ አባታቸው እውነቱን ቢያውቁ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱ ይመክሯቸዋል። ግን ጨጓራ ነው ከተባሉ በምን ያውቃሉ? አያችሁ፣ ውሸቱ እዚህም መንገድ ይዘጋል። ጠበሉን አልቃወምም። መጠመቅ አንድ ነገር ነው፤ ልቡ የደከመ ሰው ጠበል በጆግ መጠጣቱና መድኃኒት መተዉ ግን ሌላ ነገር ነው። በቀን ምን ያህል ፈሳሽ መውሰድ እንደሚችሉ ሐኪሙን ጠይቁ። ረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎቼም ምክሬ ያው ነው፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

አራተኛ፣ ሥራ። ድሮ የልብ ሕመምተኛ ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይነሣ ይታዘዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሌቪንና ላውን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን በጊዜ ከአልጋ አንሥተው ወንበር ላይ በማስቀመጥ ያ ልማድ እንዲቀር መንገድ ከፈቱ። ዛሬ ሐኪሞች ቀስ በቀስ መራመድን ያዝዛሉ። እናንተ ግን አባትሽን መስኮት ሥር ተክላችኋቸዋል። ሐኪሙ ሲፈቅድ መጀመሪያ እስከ በር፣ ከዚያ እስከ ሱቅ፣ ከዚያ እስከ አደባባይ ይሂዱ። መንዳትን በተመለከተ ሐኪሙ ይወስን፤ ቁልፉ ግን ከተደበቀበት ወጥቶ ሚስማሩ ላይ ይሰቀል። ወንድምሽ ከሥራ መውጣቱንም ይወቁ። እንዲያውም ከማንም በላይ መላ የሚያውቁለት እሳቸው ይሆናሉ። የታመመው ልባቸው ነው እንጂ አባትነታቸው አልታመመም።

አምስተኛውን ለእናትሽ ስጪያትና እሷ ታንብበው። እመቤቴ፣ አልጋ የለዩት አስበውላቸው እንደሆነ ይገባኛል። እሳቸው ግን «ሚስቴ እንኳ ሸሸችኝ» ብለው ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን መተኛት ልብን አይጎዳም። ሌላውንም በተመለከተ ሐኪሞች የሚሉት ሁለት ፎቅ ደረጃ ትንፋሽ ሳያጥረው፣ ደረቱን ሳያመው መውጣት የቻለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትዳሩ መመለስ ይችላል ነው። ሳታፍሩ ጠይቁ። ለወንዶቹ ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን መድኃኒትና ያንን «የጉልበት» ኪኒን በአንድነት መውሰድ ሕይወት ያጠፋል። ከጓደኛ ኪስ የተገኘ ኪኒን እንዳትውጡ!

ስድስተኛ፣ ጠያቂ። ጠያቂ በረከት ነው፤ «እገሌም በዚሁ በሽታ ነው የሞተው» እያለ የሚያጽናና ጠያቂ ግን መቅሰፍት ነው። አጎትሽ ቆራጥ ሰው ይመስላሉ። በሉ፣ በሩን እሳቸው ይጠብቁ! ጠያቂው ሃያ ደቂቃ ይቀመጥ፤ የሞት ታሪክ ደጅ ይቅር።

ዱባይ ላለችው እኅትሽም ዛሬውኑ ደውሉላት። «እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች?» አትበሉ። ድምፅዋን ታሰማዋለች፤ ለመድኃኒቱም ታግዛለች። ያ ሁሉ ቀርቶ ከሰው አፍ ብትሰማ «ልጅ አይደለሁም ወይ?» ብላ ዕድሜ ልኳን ታዝንባችኋለች።

አሁን ስለ አንቺ። መሬት ላይ የምትተኚው እስከ መቼ ነው? ትምህርት ያቋረጥሽው ማን አስገድዶሽ ነው? የሴት ልጅ ዕጣ ነው ብለሽ እንዳትመልሺልኝ። ሥራ የሌለው ወንድምሽ ሌሊቱን ይረከብሽ፤ ኪኒን ለመቁጠርና ሚዛን ለማንበብ ወንድነት አያግድም። ወረቀት ላይ ሰኞ የማን፣ ማክሰኞ የማን ብላችሁ ተከፋፈሉ፤ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። የአስታማሚ ልብም ይደክማል እኮ! አንቺ ከወደቅሽ ቤቱ ሁለት በሽተኛ ይኖረዋል። በሚቀጥለው መመዝገቢያ ወደ ክፍልሽ ተመለሺ። አባትሽ እውነቱን ሲያውቁ ይህንን የሚያዙሽ ራሳቸው ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ።

ለሁላችሁም አንባቢዎቼ የመጨረሻ አደራ አለኝ። ዕድሜው የገፋ፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ወይም የሚያጨስ ሰው ደረቱን ጨምድዶ ከያዘው፣ ሕመሙ ወደ እጁ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ከዚያም ላብ ካጠመቀው ተልባ እያሻችሁ አትጠብቁ። ሴቶችና ስኳር ያለባቸው ደግሞ የደረት ሕመም ሳይሰማቸው ትንፋሽ ማጠር ወይም ማቅለሽለሽ ብቻ ሊታይባቸው ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አምቡላንስ ካልተገኘ በተገኘው መኪና ሩጡ። ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ የሚከስረው የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው።

እኅቴ፣ ነግረሻቸው ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። በዚህኛው ደብዳቤሽ ላይ ግን ስልክሽን አትርሺ። አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ሳምንት በጎረቤታሞቹ ጠብ እስክንገናኝ በቸር ሰንብቱ!